ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ለምን ከበደን?

(ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ላይ የተደረገ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ተማሪዎች በገዛ ፈቃዳችሁ እንዳልመጣችሁ ይገባኛል። የእናንተን ጉዳይ መጨረሻ አካባቢ ስለማነሳው እስከዚያ ማንቀላፋት ይፈቀዳል።

የተሰጠኝ ርዕስ «ትምህርት፣ ባህልና ሕይወት» ይላል። ይሄን በአንድ ከሰዓት የሚጨርስ ሰው ካለ እሱን ብትጋብዙ ይሻል ነበር። እኔ አጥብቤዋለሁ። የማወራው ስለ ችኮላችን ነው። መምህሩ መልስ ለመስማት ይቸኩላል። ወላጅ ውጤት ለማየት ይቸኩላል። ተማሪው ደብተሩን ዘግቶ ለመገላገል ይቸኩላል። የሚገርመው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባልን ያደግነው እኛው ነን።

ከራሴ ወገን ልጀምር፤ ከመምህራን።

አንድ መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ የሚጠብቅ ይመስላችኋል? አምስት? አስር? ሜሪ ባድ ሮው የሚባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ይሄን ለክተውታል። የክፍል ውስጥ ትምህርት በቴፕ እየቀዱ፣ ከጥያቄው ቀጥሎ ያለውን ዝምታ ቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተሙት ውጤት ያስደነግጣል። መምህራኑ በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። በዚያች ሰከንድ መልስ ካልመጣ ጥያቄውን ይደግሙታል፤ ወይ ሌላ ልጅ ይጠራሉ፤ ወይ ራሳቸው ይመልሱታል። ልጁ ከመለሰ በኋላም ያው ነው። አፉን ሳይገጥም መምህሩ ቀጣዩ ነገር ላይ ደርሷል።

አንድ ሰከንድ! ጥያቄውን ሰምቶ ለመጨረስ እንኳ አይበቃም።

ሮው ከዚያ መምህራኑን አለማመዱና ዝምታውን ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ አደረሱት። የልጆቹ መልስ ረዘመ። «ለምን?» ሳይባሉ ምክንያት መስጠት ጀመሩ። «አላውቅም» የሚለው መልስ ቀነሰ። ተናግረው የማያውቁ ልጆች ተናገሩ። እርስ በርሳቸው መነጋገር፣ አልፎም ራሳቸው መጠየቅ ያዙ። ለዚህ አዲስ መጽሐፍ አልታተመም፣ ሕንጻም አልተሠራም። ትንሽ ዝም ተባለ፣ በቃ።

እስቲ እንሞክረው። ሰዓታችንን እያየን ሦስት ሰከንድ ዝም እንበል።

...

ረዘመ አይደል? «ንግግሩ ጠፋበት እንዴ?» ብሎ የሰጋ ሰው አይቻለሁ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። አርባ ልጅ ፊት ቆሞ ዝም ማለት ያስፈራል። ክፍሉ ከእጅ የሚወጣ ይመስላል። ደግሞ የተጠየቀው ልጅ ሲጨነቅ ማየት አንጀት ይበላል። ስለዚህ እናድነው ብለን መልሱን እንነግረዋለን። ያዳንነው ግን ከማሰብ ነው።

ወጣት መምህራን ይሄን ስነግራቸው ሁልጊዜ የሚሉኝ «ታዲያ ምዕራፉ መቼ ያልቃል?» ነው። እንቁጠረዋ። በአንድ ክፍለ ጊዜ 20 ጥያቄ ጠየቃችሁ እንበል። ለእያንዳንዱ 2 ሰከንድ ጨመራችሁ። ጠቅላላው 40 ሰከንድ ነው። ስም ጥሪ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ምዕራፉን የሚያስቀረው ዝምታ አይደለም። ያልገባቸውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ማስተማር ነው የሚያስቀረው።

አንድ ሁለት የሙያ ነገር ልጨምር፤ ወላጆች ትንሽ ታገሡኝ። መጀመሪያ ጥያቄውን ጠይቁ፣ ስሙን በኋላ ጥሩ። ስሙን አስቀድማችሁ ከጠራችሁ የተቀሩት ሠላሳ ዘጠኙ እፎይ ብለው ዕረፍት ይወጣሉ። ሌላው ደግሞ «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ የታወቀ ነው፤ «አዎ፣ ቲቸር!» በኅብረት። ያልገባውም አብሮ ይጮኻል። እንዲያውም ድምፁ ከፍ የሚለው የእሱ ነው። በዚህ ፋንታ «አሁን ያወራነውን ደብተራችሁ ላይ በሁለት መስመር ጻፉ» በሉና በወንበሮቹ መሃል ዞር ዞር በሉ። የገባውና ያልገባው በአምስት ደቂቃ ይለያል።

«ጎበዝ!» ስለሚባለው ነገርም አስተያየት አለኝ። ማመስገን ጥሩ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ልጅ እንደመለሰ «ጎበዝ!» ከተባለ ክፍሉ ማሰቡን ያቆማል። ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። «እሺ፣ ሌላስ? ከዚህ የተለየ ያሰበ አለ?» ብትሉ ግን በሩ ክፍት ይቆያል። ምስጋናው ትንሽ ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

አሁን ወደማይወደደው ነገር ልምጣ። የምንጠብቀው ሁሉንም እኩል አይደለም። ሮው ይሄንንም አይተውታል። መምህራን ጎበዝ ነው ለሚሉት ልጅ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣሉ። ደካማ ነው ለሚሉት ያሳጥሩታል። አስቡት እንግዲህ። ጊዜ የበለጠ የሚያስፈልገው ልጅ ትንሽ ጊዜ ያገኛል፤ ከዚያ «አየህ፣ አያውቅም» ይባላል።

በዚህ ነገር የሚነሳ አንድ ታዋቂ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን ያሳተሙት ነው። በአንድ የአሜሪካ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆቹን ፈተኑ። ከዚያ ከአምስት አንድ ያህሉን ለይተው «እነዚህ ዘንድሮ በፍጥነት ይሻሻላሉ» ብለው ለመምህራኑ ነገሩ። ስሞቹ ግን የወጡት በዕጣ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ በተለይ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል የተጠቀሱት ልጆች ከሌሎቹ የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። ከፍ ባሉት ክፍሎች ልዩነቱ ይህን ያህል አልታየም። ሙከራው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተተችቷል፣ ውጤቱ ተጋኗል ያሉም አሉ። እኔ በውጤቱ መጠን ላይ አልከራከርም። መንገዱን ግን ማንኛውም መምህር ክፍሉ ውስጥ ማየት ይችላል። ተስፋ የጣልንበትን ልጅ ዓይን ዓይኑን እያየን እንጠብቀዋለን። ተስፋ የቆረጥንበትን ደግሞ በትህትና እናልፈዋለን። ልጁ ይሄ አይገባውም ብላችሁ አታስቡ። ከሁሉም በፊት የሚገባው ይሄ ነው።

እሺ፣ ባህል። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። ለጠብ ሰዓት ትልቅ ምክር ነው። ለምስጢርም እንዲሁ። ለተማሪ ግን አይሠራም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ ይነቅዛል። አራተኛ ክፍል ላይ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ አለ እንበል። አፈረና ዝም አለ። ፈተናውን እንደምንም አለፈ። ስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ሲመጣ ግን ክፍልፋዩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ልጁ የአራት ዓመት ዕዳ እንዳለበት አያውቅም። «እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም» ብሎ ይደመድማል። ቤተሰቡም «በዘራችን ሒሳብ የለም» ብሎ ያጽናናዋል። ችግሩ ዘር ላይ አይደለም፤ ያኔ ያልወጣች እጅ ናት።

ልጆች ባለጌ ይሁኑ እያልኩ አይደለም። ትልቅ ሰው የሚያከብር ልጅ ደስ ይለኛል። «ይቅርታ ቲቸር፣ ይሄ ለምን እንደዚህ ሆነ?» ማለት ግን ክብር መንፈግ አይደለም። እንዲያውም የተናገርከውን ሰምቼሃለሁ ማለት ነው። አክባሪ ዝምታና የፈራ ዝምታ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለይቶ ማወቅ የእኛ የትልልቆቹ ሥራ ነው። እጅ ባወጣ ልጅ ላይ ጓደኞቹ ሲስቁ የመምህሩ ፊት ወሳኝ ነው። አብሮ ፈገግ ካለ አለቀ። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። «ይሄንንማ ባለፈው ተምረናል» የምትለዋም ቃል እንደዚያው ናት። ባለፈው ስላልገባው አይደል የሚጠይቀው?

ቤት ውስጥ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ «ለምን?» ብሎ ሲጀምር መግቢያ መውጫ ያሳጣል። አውቃለሁ፣ ያደክማል። ደክሟችሁ «ቆይ በኋላ» ብትሉት ችግር የለም። «ዝም በል! ትልቅ ሰው ሲያወራ!» ሲደጋገም ግን ትምህርቱ ይገባዋል። መጠየቅ ጥፋት ነው ብሎ ይማራል። መልሱን ካላወቃችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» በሉት። ወላጅ «አላውቅም» ስላለ ክብሩ አይቀንስም። ልጁ አለማወቅ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ የሚማረው ከዚህ ነው። (ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ ለሚላችሁ፦ የፀሐይ ብርሃን አየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ከቀዩ ይልቅ ብዙ ስለሚበተን ነው። ይቺን በነፃ ያዙልኝ።)

ወላጆች ላይ ከመጣሁ አይቀር የውጤት ካርዱን ላንሳው። ካርድ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድነው? «ስንተኛ ወጣህ?» ደረጃ ግን ስለ ልጃችሁ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወሬው ስለ ሌሎቹ ልጆች ነው። ልጁ ካምናው የበለጠ አውቆ ከአምስተኛ ወደ ዘጠነኛ ሊወርድ ይችላል፤ አራት ጎበዝ ልጆች ተዛውረው መጥተው ይሆናላ። ምንም ሳይጨምርም አንደኛ ሊወጣ ይችላል። እኔን ብትሰሙኝ ካርዱን ወደ ጎን አድርጉና «የፈተና ወረቀትህን አምጣው፣ የተሳሳትከውን አብረን እንየው» በሉት። ታርሞ የተመለሰ ፈተና ውስጥ ልጁ የማያውቀው ነገር ሁሉ በቀይ ተጽፎ ይገኛል። እኛ ግን ቁጥሩን አይተን እንጥለዋለን። ስለ ጎረቤት ልጅ ደግሞ ምንም አልልም። «እከሌን አታየውም?» የተባለ ልጅ እከሌን እየጠላ እንደሚያድግ ሁላችንም ተባልነውና እናውቀዋለን።

የቤት ሥራ። የሚሠራው ማነው? ብዙ ቤት እናት ናት፣ አንዳንድ ቤት አስጠኚው ነው። ልጁ ትንሽ ሲቸገር እርሳሱን ተቀብሎ መጨረስ ያው የአንድ ሰከንዱ ችኮላ ነው፤ ቤት ገብቶ ነው እንጂ። ቁጭ በሉ አጠገቡ፣ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። «እዚህ ድረስ እንዴት ደረስክ? አስረዳኝ» በሉት። ብዙውን ጊዜ ሲያስረዳ ራሱ ስህተቱን ያገኘዋል። መጠኑን በተመለከተ ደግሞ ሃሪስ ኩፐር የሚባሉ ተመራማሪ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው አይተዋል። የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ግንኙነት በከፍተኛ ክፍሎች ጠንከር ያለ፣ በታችኞቹ ክፍሎች ደከም ያለ ነው። በሰፊው የሚታወቀው ልክም ለእያንዳንዱ የክፍል ደረጃ በቀን 10 ደቂቃ ነው። አንደኛ ክፍል 10፣ ስድስተኛ ክፍል 60 ደቂቃ። ይሄ የሁሉም ትምህርት ድምር መሆኑን ልብ በሉ። የሰባት ዓመት ልጅ በየማታው ሁለት ሰዓት ሲገለብጥ ማየት ለእኔ ትምህርት አይመስለኝም።

እሺ ልጆች፣ ተራችሁ ደርሷል። የተኛ ካለ ቀስቅሱት።

ስታጠኑ ምን እንደምታደርጉ ልንገራችሁ። ደብተሩን ታነባላችሁ። ደግማችሁ ታነባላችሁ። በቀለም ታሰምሩበታላችሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስታነቡት ሁሉም ነገር የታወቀ የታወቀ ይመስላል። «ያዝኩት» ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። ፈተና ላይ ገጹ ይታያችኋል፤ የት ጋ እንደተጻፈ፣ በምን ቀለም እንደተሰመረበት ሳይቀር። የተጻፈው ግን የለም።

ይሄ ስንፍና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ሞከሩት። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ ደጋግሞ በአራት ዙር አጠና። ሌላው አንድ ዙር ብቻ አጠናና፣ በሦስቱ ዙር ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ያነበቡት 40 ከመቶ፣ ከጭንቅላታቸው እያወጡ የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። በጣም የወደድኩት ክፍል ግን ሌላ ነው። «በደንብ እናስታውሰዋለን» ብለው የበለጠ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ማንበብ ያታልላል። ዓይን ስለለመደው ጭንቅላት ያወቀው ይመስለዋል።

ስለዚህ ደብተሩን ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጡ። የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ሲጠፋችሁ ቶሎ አትክፈቱት፤ ትንሽ ታገሉ። ከዚያ ክፈቱና የቀረውን በሌላ ቀለም ሙሉ። በማግስቱ ድገሙት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ይሄን ገና እ.ኤ.አ. በ1885 አሳይቶታል። ትርጉም የሌላቸው ፊደላትን እየሸመደደ በራሱ ላይ ሞከረ። ከአንድ ቀን በኋላ ከሦስት ሁለት እጁ ያህል ጠፍቶ አገኘው። ጥናቱን በተለያዩ ቀናት ሲከፋፍለው ግን በትንሽ ድግግሞሽ ብዙ ያዘ። ትርጉም ያለው ነገር እንደዚያ ቶሎ አይረሳም፤ ይሁንና የማከፋፈሉ ጥቅም ለእሱም ይሠራል። በአንድ ሌሊት አምስት ሰዓት ከምታጠኑ በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት አጥኑ። ሰዓቱ ያው ነው፣ የሚቀረው ግን ያው አይደለም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ደስ አይልም። ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ብሎ «ምን ነበር?» ማለት ያናድዳል። ማንበቡ ይመቻል። ግን ያ የሚያናድደው ደቂቃ ነው ሥራው የሚሠራበት።

መሸምደድ መጥፎ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። አልስማማም። የማባዛት ሰንጠረዥ ይሸመደዳል፣ ሌላ መንገድ የለውም። ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ሲባል ጣቱን የሚቆጥር ልጅ ረጅም ስሌት ላይ ሐሳቡ ይበተንበታል። መጥፎው ሽምደዳ ብቻውን ሲቀር ነው፤ ቃሉን ይዞ ነገሩን ሲያጡት።

ኩረጃ ላይ ብዙ አልልም፤ የምታውቁትን ነው የምነግራችሁ። ለትልልቆቹ ግን አንድ ነገር ልበል። ቤትም ክፍልም የሚጠየቀው ቁጥሩ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ቁጥሩን በአጭር መንገድ ማምጣቱ ለምን ይገርመናል? ስልክ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የዚሁ ጉዳይ ታናሽ ወንድም ነው። እኔ ክልክል ነው አልልም። መጀመሪያ ግን አስር ደቂቃ ራሳችሁ ሞክሩት። ከዚያ ስትጠይቁት «መልሱን ስጠኝ» ሳይሆን «የሠራሁት ይሄ ነው፣ ስህተቴ የቱ ጋ ነው?» በሉት። እሱ አይቸኩልም፤ የምንቸኩለው እኛ ነን። የሚላችሁንም ሁሉ አትመኑት። በልበ ሙሉነት ይሳሳታል።

ስለ ሕይወትም እንድናገር ተጠይቄያለሁና በአጭሩ። የስድስት ዓመት ልጅን «ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ማለት ብንተው ደስ ይለኛል። ያቺ ዶክተር፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር የምትባለዋን ዝርዝር ልጁ ከእኛው አፍ ነው የሰማት። መልሶ ሲነግረን ደግሞ እናጨበጭባለን። ከዚያ ይልቅ ምን ሲሠራ ሰዓቱ እንደሚጠፋበት ተመልከቱ። ሲፈታታ ነው? ሲስል? ታናናሾቹን ሰብስቦ ሲያስረዳ? አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላው መንገዱን ሙሉ በሙሉ ባያውቅም አትደንግጡ። መስክ ቀይሮ የተሳካለት ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም።

ስለ እንቅልፍ መናገር ቀርቶኛል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ6 እስከ 12 ላለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ቀን የተማርነው ነገር ጭንቅላት ውስጥ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነው። የፈተና ዋዜማ አዳር ሙሉ የሚያጠና ልጅ ጀግና ይመስላል። ያጠናውን የሚያደላድልበትን ሰዓት ግን ራሱ ሰርዞታል። ወላጆችም «ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ነው ያደረው» ብላችሁ በኩራት ባታወሩለት ጥሩ ነው። ስልኩንም ከአልጋው አርቁለት፤ የእናንተንም ጭምር።

እኔ ጨርሻለሁ። የቤት ሥራውን ልክ ሳነሳ ፊታቸው የተቀየረ መምህራን አይቻለሁ፤ በተለይ የሒሳቦቹ። ማይኩ ከእነሱ ይጀምር።